የአቡነ ስምዖን ልብስ እና የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ምስክርነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ከደብረ ታቦር ወደ ምዕራብ ወርዶ የደራን ምድር አቋርጦ ወደ ጣና ሐይቅ ዳርቻ የሚደርስ ምእመን ቆራጣን ያገኛል። ቆራጣ በእናታችን በቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ስም የከበረች ጥንታዊት ደብር ናት። ቤተ ክርስቲያናችን ኅዳር 17 ቀን የዕረፍቷን መታሰቢያ ስታደርግ ብዙዎቻችን የምናስታውሳት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ስለ ተዋሕዶ ሃይማኖት የተሰደደች፣ በነገሥታት ፊት ቆማ ያላፈረች እናት መሆኗን ነው። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የዚህ ሁሉ ተጋድሎ መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ በቤቷ ውስጥ የተገኘ አንድ ልብስ መሆኑን የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው። ልብሱ የተገደሉት ጳጳስ የአቡነ ስምዖን ነበር፤ የተገኘውም በገዛ ባለቤቷ እጅ ነበር። በዛሬው ጽሑፋችን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ሕይወት ከዚህ አንጻር እንመለከታለን።

ትውልድና ጋብቻ

ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በ1584 ዓ.ም. ገደማ ከአባቷ ከባሕር ሰገድና ከእናቷ ከክርስቶስ ዕበያ ተወለደች። ወገኖቿ ከደዋሮና ከፈጠጋር መኳንንት የሚቆጠሩ ነበሩና በምቾትና በክብር አደገች። ወንድሞቿም በቤተ መንግሥቱ ዘንድ የታወቁ ሰዎች ነበሩ። ለአካለ መጠን ስትደርስ በዘመኑ ሥርዓት ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። መልክአ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ አማካሪና የጦር አዛዥ የነበረ፣ ከታላላቆቹ ሹማምንት የሚመደብ ሰው ነው።

በትዳሯ ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም ተጠምቀው በሕፃንነታቸው ዐረፉ። ወርቅና ሐር፣ ሎሌና ገረድ የሞላበት ቤት ለአንዲት ልጆቿን ለቀበረች እናት ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም። ገድሏ እንደሚነግረን ከዚህ በኋላ ልቧ ከዚህ ዓለም እየራቀ ሄደ። ጾምን፣ ጸሎትንና ለድሆች መመጽወትን አበዛች፤ የቤተ ክርስቲያን ደጅም ማረፊያዋ ሆነ። ምናኔን ብትናፍቅም የንጉሥ ሹም ሚስት ነበረችና በቀላሉ የሚለቃት አልነበረም።

በዐሥር ዓመት የሁለት ጳጳሳት ደም

የወለተ ጴጥሮስን ውሳኔ ለመረዳት የዘመኑን መከራ ማወቅ ያስፈልጋል። ሱስንዮስ ወደ ዙፋኑ የወጣው በደም መካከል ነው። በ1599 ዓ.ም. በጎጃም ጎል በተባለ ስፍራ ከዐፄ ያዕቆብ ጋር ተዋግቶ ድል ባደረገ ጊዜ ያዕቆብ ብቻ ሳይሆን ከእርሱ ጋር የተሰለፉት ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስም ወደቁ። በእርሳቸው እግር ከእስክንድርያ የመጡት አቡነ ስምዖን ነበሩ። ሱስንዮስን በአክሱም ጽዮን ቀብተው ያነገሡት እኒሁ አባት ናቸው።

ይሁን እንጂ ንጉሡ ከኢየሱሳውያን ካህናት፣ በተለይም ከአባ ጴጥሮስ ፓኤዝ ጋር ያለው ወዳጅነት እየጠበቀ ሲሄድ ልቡ ወደ ሮም ሃይማኖት አዘነበለ። ሃይማኖቱን በይፋ የለወጠው በ1614 ዓ.ም. ቢሆንም ከዚያ አስቀድሞ የልብ መለወጡ በዐዋጆቹ ይታይ ነበር። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የሚሰጠው ትምህርት ሲነካ አቡነ ስምዖን ዝም አላሉም፤ የአባቶችን ሃይማኖት በሚለውጡት ላይ ቃለ ግዝት አስተላለፉ። ብዙ መኳንንትና መነኮሳትም ከእርሳቸው ጋር ቆሙ።

በ1609 ዓ.ም. የንጉሡ አማች ዮልዮስ በሃይማኖቱ ምክንያት ጦር አነሣ፤ አቡነ ስምዖንም አብረውት ወጡ። በግንቦት ወር ሰዳ በተባለ ስፍራ ጦርነት ተደረገ። ዮልዮስ ወደቀ፤ ሠራዊቱ ተበተነ፤ ጳጳሱም በዚያው ተገደሉ። ንጉሡን የቀቡት እጆች በንጉሡ ሠራዊት ፊት በሞት ዐረፉ።

በጦርነት መካከል የሚፈስ ደም ባለቤት የለውም ይባላል። ወታደሩ ታዝዤ ነው ይላል፤ አዛዡ የወጋሁት እኔ አይደለሁም ይላል፤ ንጉሡም ዐመፀኛ በጦር ሜዳ ወደቀ ይላል። እንዲህ ሆኖ ደሙ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ በመጨረሻ በማንም ላይ ሳያርፍ ይቀራል። የአንድ ጳጳስ መገደልም የድል ዜና አካል ሆኖ ሊረሳ ይችል ነበር።

የመጀመሪያው ሽሽትና የተቃጠለችው ከተማ

መልክአ ክርስቶስ ዐመፁን ለማጥፋት ከዘመቱት አዛዦች አንዱ ነበር። እርሱ በዘመቻ ላይ ሳለ ወለተ ጴጥሮስ የናፈቀችውን ለመፈጸም ጊዜው እንደ ደረሰ ተረዳች። አባ ፈትለ ሥላሴን በመሰሉ አባቶች ምክርና በጣና መነኮሳት ርዳታ ከቤቷ ወጥታ ወደ ገዳማቱ አካባቢ ተሰደደች። በጨርቅ ተሸፍና፣ የለመደችውን ክብር ትታ በእግሯ ተጓዘች።

ባለቤቷ ሲመለስ ቤቱ ባዶ ሆኖ ጠበቀው። ቍጣውም በእርሷ ላይ ብቻ አላበቃም፤ ተሸሽጋባታለች የተባለችውን ከተማ በሠራዊቱ አጠፋት። በእርሷ ምክንያት ንጹሓን ድሆች ቤታቸውን ማጣታቸውን በሰማች ጊዜ ወለተ ጴጥሮስ ከባድ ምርጫ ፊት ቆመች። በገዳም ጸንታ ብትቀመጥ ሌላም መንደር ሊቃጠል ነው፤ ብትመለስ የናፈቀችው ሕይወት ሊቀር ነው። ሽማግሌዎችና ካህናት መካከል ገብተው አስታረቁና ወደ ባሏ ተመለሰች። ብዙ ጊዜ የቅዱሳንን ሕይወት ስናነብ ዓለምን ጥለው መሄዳቸውን ብቻ እናደንቃለን፤ እርሷ ግን ለሰው ሕይወት ስትል ወደ ጣለችው ዓለም ተመልሳ ገብታለች። ይህም የገድሏ አንድ አካል ነው።

ልብሱ

ወለተ ጴጥሮስ የተመለሰችበት ቤት ግን የቀድሞው ቤት አልነበረም። በሰዳ የሆነው ነገር ወደ ቤቷ ገብቶ ነበር። ባለቤቷ በአቡነ ስምዖን ሞት እጁ እንዳለበት ተረዳች፤ የጳጳሱም ልብስ በእጁ መገኘቱን አወቀች።

በዘመኑ የጦረኛ ልማድ ከወደቀ ሰው ላይ የተገፈፈ ነገር ምርኮ ነው፤ ምርኮም የጀግንነት ምልክት ነው። ጀግና ከዘመቻ ሲመለስ ሚስት በእልልታ ትቀበላለች፤ ግዳዩ ይቈጠራል፤ ምርኮው በአዳራሹ ይታያል፤ አዝማሪ ይዘፍንለታል። ከዚህ ሁሉ ደስታ መካከል ዕቃው ከማን ላይ እንደ ተወሰደ የሚጠይቅ አይገኝም። ወለተ ጴጥሮስ ግን ያንን ልብስ እንደ ምርኮ አላየችውም፤ ያየችው እንደ ምስክር ነው። በጦር ሜዳ ባለቤት ያጣው ደም በልብሱ በኩል ባለቤቱን አገኘ።

በቅዱስ መጽሐፍ ስለ ሌላ ልብስ እናነባለን። የያዕቆብ ልጆች የወንድማቸውን የዮሴፍን ቀሚስ በፍየል ደም ነክረው ለአባታቸው አቀረቡ፤ አባታቸውም ልጁን አውሬ እንደ በላው አመነ። ያ ልብስ ወንጀልን ለመሸፈን በሐሰት የቀረበ ነበር። በመልክአ ክርስቶስ ቤት የተገኘው ልብስ ግን ማንም ለምስክርነት ሳያቀርበው እውነቱን ገለጠ። ልዩነቱን ያመጣው የተመለከተችው ሴት ልብ ነው። ያዕቆብ በኀዘን ታወረ፤ ወለተ ጴጥሮስ ግን ጥቅሟ፣ ትዳሯና ደኅንነቷ ሁሉ እንዳታይ ቢጋብዛትም ዐይኗን አልጨፈነችም።

ካወቀች በኋላ ሁለት መንገድ ነበራት። አንደኛው ማወቋን በልቧ ይዛ በቤቱ መቀመጥ ነው፤ ብዙ ሰው የሚመርጠውም ይህን ነው። ሁለተኛው ያወቀችውን በግልጥ ተናግራ ከደሙ ጋር ያላትን ኅብረት መቍረጥ ነው። እርሷ ሁለተኛውን መረጠች። ጳጳስን ካስገደለ ሰው ጋር በአንድ ማዕድና በአንድ አልጋ መኖር እንደማትችል ለባሏ በፊቱ ነገረችው። ጌጧን ጣለች፤ በጾም ሰውነቷን አደከመች። በመጨረሻም መልክአ ክርስቶስ በኃይል ሊይዛት እንደማይችል ተረድቶ አሰናበታት። ወለተ ጴጥሮስም በ25 ዓመት ዕድሜዋ የራስ ጠጕሯን ተላጭታ መነኰሰች።

ልብ እንበል፤ የበቀል ጦር አልላከችም፤ ወንድሞቿን በባሏ ላይ አላስነሣችም። ደም በደም እንዲመለስ አልጠየቀችም። የፈለገችው እውነቱ በስሙ እንዲጠራና እርሷም ከእርሱ ፍሬ እንዳትበላ ነው።

በንጉሥ አደባባይ

በምንኵስናዋ መጀመሪያ እግዚአብሔር አንዲት የመንፈስ እኅት ሰጣት፤ እርሷም እኅተ ክርስቶስ ናት። እኅተ ክርስቶስም ባሏንና ቤቷን ትታ የመነነች ነበረች። ከተገናኙበት ዕለት ጀምሮ እስከ ወለተ ጴጥሮስ ዕረፍት ድረስ በሥራም በስደትም ተደጋግፈው ኖሩ።

ንጉሡ የተዋሕዶን ትምህርት በይፋ ከከለከለ በኋላ ወለተ ጴጥሮስ በየመንደሩ እየዞረች ምእመናን በአባቶቻቸው ሃይማኖት እንዲጸኑ አስተማረች። ይህ በመሰማቱ ወደ ንጉሡ አደባባይ ተጠራች። በሞት ሊቀጣት ይችል ነበር፤ ዘመዶቿ ግን ለምነው ሕይወቷን አተረፉ። ከዚያ ወጥታ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዋልድባና ወደ ጸለምት ሄደች። በዚያም ማስተማሯን አላቋረጠችም፤ ይልቁንም ሃይማኖቱን የለወጠው ንጉሥ ስም በቅዳሴ ጊዜ እንዳይጠራ ተናገረች። ይህ በዘመኑ ከጦር የማያንስ ድፍረት ነበር።

በ1617 ዓ.ም. የሮሙ ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ወደ ሀገራችን ገባ። በዚያው ዘመን ወለተ ጴጥሮስ ዳግመኛ ተይዛ ቀረበች። በዚህ ጊዜ ሕይወቷን ያተረፈላት ሰው ማን እንደ ሆነ ሲነገር ያስደንቃል፤ መልክአ ክርስቶስ ነው። ጥላው የሄደችው ባል ንጉሡ እንዳይገድላት መከረ፤ በምትኩም ሜንዴዝ እንዲያስተምራትና ልቧን እንዲመልስ ሐሳብ አቀረበ። በእጁ የጳጳስ ደም ያለበት ሰው የቀድሞ ሚስቱን ከሞት አዳነ። በኃጢአተኛ ልብ ውስጥ እንኳ እግዚአብሔር የሚሠራበት ቦታ እንደማይጠፋ ከዚህ እንማራለን።

ሜንዴዝ ደጋግሞ ቢያነጋግራትም አልተሳካለትም። ንጉሡም በምዕራብ ጠረፍ ወዳለው ቆላማ ሀገር ወደ ዠበይ አጋዛት።

ከግዞት የበቀሉ ሰባት ማኅበራት

ዠበይ ሙቀትና ወባ የበዛበት፣ ለደገኛ ሰው የሞት ያህል የሚቈጠር ስፍራ ነበር። በዚያ ሦስት ዓመት ቆየች። የተጋዘችው ብቻዋን እንድትረሳ ነበር፤ ነገር ግን በሃይማኖታቸው ምክንያት የተሰደዱ መነኮሳት፣ መነኮሳዪያትና ምእመናን ወደ እርሷ ተሰበሰቡና ስፍራው የመጀመሪያው ማኅበሯ ሆነ። ከግዞት ከተመለሰች በኋላም በጫንቋ፣ በምጽሌ፣ በዘጌ፣ በደምቦዛ፣ በአፈር ፈረስና በዛምቦል ማኅበራትን ተከለች፤ ሲደመሩ ሰባት ይሆናሉ።

በእነዚህ ማኅበራት ወንዶችም ሴቶችም በየሥርዓታቸው ተለይተው፣ እንደ ሐዋርያት ዘመን ምእመናን ሀብታቸውን የጋራ አድርገው ይኖሩ ነበር። እመ ምኔቷ በመኳንንት ቤት ያደገች ብትሆንም ከታናናሾቹ ጋር እህል ትፈጭ፣ ዕንጨት ትሸከም ነበር። ማኅበሩ ሲበዛ ቀለብ ያንሳል፤ በሽታም ይገባል፤ እርሷም ሕመምተኞችን እያስታመመች፣ የሞቱትን እያስቀበረች፣ አስፈላጊ ሲሆን ከስፍራ ወደ ስፍራ እየመራች ጠበቀቻቸው።

በሀገሪቱ ያለው ደም መፋሰስ ግን ቀጥሎ ነበር። በ1624 ዓ.ም. ወይና ደጋ በተባለ ስፍራ በተደረገው ጦርነት በአንድ ቀን 8000 ያህል ሰዎች እንደ ወደቁ ይነገራል። አብዛኞቹ ለአባቶቻቸው ሃይማኖት የተነሡ ገበሬዎች ነበሩ። ንጉሡ ድል ቢያደርግም ያሸነፈው የገዛ ሕዝቡን ነበርና ልቡ ተሰበረ። በሰኔ ወር የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገረ፤ መንግሥቱንም ልጁ ፋሲለደስ ወረሰ። አቡነ ስምዖን ከተገደሉ ከ15 ዓመት በኋላ ለእርሷ የቆሙላት ሃይማኖት ተመለሰች።

ድል በመጣ ጊዜ ወለተ ጴጥሮስ ወደ ቤተ መንግሥት አልገባችም፤ ከማኅበሯ ጋር ቀረች። ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት ያህል አገልግላ፣ ሦስት ወር ታማ፣ ማኅበሩን ለእኅተ ክርስቶስ አደራ ሰጥታ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. በ50 ዓመቷ ዐረፈች። ሥጋዋም በጣና ውስጥ በምትገኘው በሬማ ደሴት አረፈ።

ነገሩን መርምሮ የጻፈው መነኩሴ

ይህን ሁሉ እንዴት ልናውቅ ቻልን? ከዕረፍቷ 30 ዓመት በኋላ፣ በ1665 ዓ.ም. ገደማ፣ ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ በማኅበሯ ልጆች ጥያቄ ገድሏን በግእዝ ጻፈ። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ የዓይን ምስክሮች አልፈው ነበር፤ ያሉትም በዕድሜ የገፉ ነበሩ። እርሱም ከሚያውቋት ሰዎች የሰማውን ሰብስቦ ዛሬ የምናነበውን አቆየልን።

የገላውዴዎስ አጻጻፍ ለእኛም ትምህርት ይሆናል። በአቡነ ስምዖን ሞት የመልክአ ክርስቶስን እጅ አልሸፈነም። ይሁን እንጂ ያው ሰው በኋላ ሕይወቷን ለማትረፍ መማለዱንም አልደበቀም። ገዳዩን ክፉ ብቻ አድርጎ ለመሣል ቢፈልግ ይህን ሁለተኛውን መተው ይችል ነበር፤ ለመኳንንቱ ቢያዳላ ደግሞ የመጀመሪያውን ይተወው ነበር። እውነተኛ ምርመራ የሚባለው ይህ ነው፤ ለተበደለውም ለበደለውም እውነትን መጠበቅ።

የመማጸኛዪቱ ደብር

እኅተ ክርስቶስ በ1641 ዓ.ም. ዐረፈች። ከዚያ በኋላ ዐፄ ፋሲል በቆራጣ መሬት ሰጠና በቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ስም ገዳም ተመሠረተ። ቆራጣም ከዚያ ዘመን ጀምሮ ከንጉሥ ቅጣት የሸሸ ሰው የሚማጸንባት ስፍራ ሆና ኖረች። ወደ ደብሯ የደረሰ ሰው በቅድስቲቱ ስም ይጠበቅ ነበር።

እግዚአብሔር በሙሴ በኩል ለእስራኤል የመማጸኛ ከተሞችን ያዘዘው ደም አፍስሷል የተባለ ሰው ጉዳዩ ሳይመረመር በደም መላሽ እጅ እንዳይወድቅ ነው። በቆራጣም የሆነው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ስለ ፈሰሰ ደም ከቤቷ የወጣች ሴት፣ ስሟ በፍርሃት ለሚሸሹ ሰዎች መጠለያ ሆነ። ነፍስ ገዳይን አብራው አልኖረችም፤ ነገር ግን ማንም ያለ ፍርድ እንዲገደል አልፈቀደችም። እነዚህ ሁለቱ የሚጋጩ ሊመስሉን ይችላሉ፤ በክርስትና ግን አንድ ናቸው። የደምን እውነት የሚያከብር ሰው ሌላ ደም እንዳይፈስም ይጠነቀቃል።

ውድ ምእመናን፤ በእኛ ደጋማ ሀገር ደም ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሻገር ዕዳ ሆኖ ስንት ቤት እንደ ዘጋ እናውቃለን። አንዳንዱ ገዳዩን እያወቀ ስለ ዝምድና ዝም ይላል፤ አንዳንዱ ሳያውቅ በጥርጣሬ ይበቀላል፤ አንዳንዱም እጁን በደም ሳያስነካ ከደም የተገኘውን ሀብት ይካፈላል። የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ሕይወት ሦስቱንም ይገሥጻል። በቤታችን ያለው ልብስ፣ ከብት፣ መሬት፣ ገንዘብ ከየት መጣ? በእልልታ የምንቀበለው ምርኮ የማን ነው? ይህን በንስሐ አባታችን ፊት፣ በሽማግሌዎችም ዘንድ በግልጥ ብንጠይቅ ብዙ የተሰወረ ደም ይገለጥ ነበር፤ ብዙ የሚፈስ ደምም ይቀር ነበር።

ስለ አቡነ ስምዖን ሞት የመሰከረችው አንዲት የ25 ዓመት ሴት ናት፤ ምስክርነቷንም ጽፎ ያቆየልን አንድ መነኩሴ ነው። ሠራዊትም ሥልጣንም አልነበራቸውም። እውነትን ግን ስላልሸጧት ከ400 ዓመት በኋላም የጳጳሱ ደም አልተረሳም።

የሰማዕቱ የአቡነ ስምዖን ጸሎት፣ የእናታችን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ረድኤትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን። ለሀገራችን ሰላምን፣ ለልባችን እውነትን የምንወድበት ጽናትን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤
ወለወላዲቱ ድንግል፤
ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።